ለብሳ ተጫምታ ቤቷ የምትቀመጠው ብርነሽ

የብርነሽን ሞት የነገረችኝ የእህቷ ልጅ ናት። የደወለችው ከእምድብር ነው። እኔ የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና እያረምኩ በመምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ነበር። «አክስቴ አርፋለች፤ ስልክሽን ደብተሯ ላይ አግኝቼው ነው» አለችኝ። ምን ሆና ብዬ ጠየቅኳት። ልቧ ነው አለች። ብርነሽ ከሁለት ዓመት በፊት ጤና ሲያጥራት ከእኛ ከፍኖተ ሰላም ወደ አገሯ ተመልሳ ነበር። ከዚያ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እስከ መጨረሻው ድረስ ዳዊቷን በግዕዝ በቃሏ ትደግም ነበር። ቁርባን ሊያቀብሏት የመጡት አባ እንኳ ቆመው ሰሟትና፣ እንዲህ ያለ ንባብ ከየት አመጣችው ብለው ተደነቁ» አለችኝ።

ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። ከአባቴ ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ እንባ አልቀደመኝም። የቀደመኝ ሌላ ነገር ነው፤ አሁን ስጽፈውም ያሳፍረኛል። ሞታም ቀናሁባት።

ብርነሽን ወደ አገራችን ያመጣት ባሏ ነው። የመንገድ ሥራ ማሽን ኦፕሬተር ነበር፤ ከቡሬ ወዲያ መንገድ ሲሠራ አብራው መጣች። እሱ ታሞ ሲሞትባት እሷ ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ መዝገብ ቤት ሥራ ይዛ ቀረች። እሷ በተከራየችበት ግቢ እኔም ተከራይቼ ስገባ አራት ዓመት ኖራበት ነበር። ሁለት ክፍል ነው፣ በአንድ ቆርቆሮ ሥር። በመካከላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ እስከ ጣሪያው አይደርስም፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላለሁ።

ትልልቅ እጅ ያላት፣ ረጅም፣ አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ነበረች። ስትስቅ ሰው እንደሚያደርገው አፏን አትሸፍንም፤ ዓይኗን ነው የምትሸፍነው። መዝገብ ቤት ሄዶ የጮኸባት ባለጉዳይ ሁሉ አንድ መልስ ነው የሚያገኘው፦ «ይቀመጡ፣ ፋይልዎ እየመጣ ነው።» ፋይሉ በእግሩ የሚመጣ ይመስል። ሰውየውም ሳያስበው ይቀመጣል።

የዓመት ፈቃዷን እንደ ሰው ባንድ ላይ አትወስድም፤ አንዳንድ ቀን እየቆረሰች ነው። ዛሬ አንድ ቀን፣ ከወር በኋላ አንድ ቀን። ስለዚህ አገሯ ደርሳ የምትመለስበት ቀን ተርፏት አያውቅም። የክፍል ኃላፊዋ ሲቸግረው፣ «በአንድ ቀን ፈቃድ ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ ጠየቃት አሉ። «ቤት እቀመጣለሁ» አለችው።

እውነቷን ነበር። እንደዚያ ባለው ቀን ጠዋት ትነሣለች፤ ክፍሏን ትጠርጋለች፤ ደጇ ላይ ውሃ ትረጫለች። ከዚያ ታጥባ ነጭ ቀሚሷን ትለብሳለች፣ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ጥቁር ጫማዋን ቀለም ቀብታ ትጫማለች። ሰርግ የተጠራች ነው የምትመስለው። እንዲህ ተሰናድታ ተመልሳ ክፍሏ ትገባና ትቀመጣለች። መጀመሪያ ያየኋት ዕለት መጋቢት ነበር፤ ትምህርት ቤት ፈተና ስለነበር ከሰዓት ነበር የምገባው።

«እትዬ ብርነሽ፣ የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«የትም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ልብስ?»

«በዓል ነው። የቅዱስ ዮሴፍ።»

ዛሬ እንደዚያ ያለ በዓል የለም ልላት ስል እሷው ቀደመችኝ። «ካቶሊክ ነኝ፣ ውባለም። እኛ አገር ቅዳሴው እንደናንተው በግዕዝ ነው፤ ገናና ፋሲካውም አንድ ቀን ነው። አንዳንዱ በዓል ግን የብቻችን ነው። እዚህ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የለንም። መንገድ ሲከፈት ባሕር ዳር እሄዳለሁ። ሲዘጋ ግን በዓሉ ራሱ እዚህ ድረስ ይመጣል፤ ለብሼ ልቀበለው እንጂ።»

በሩን ስለማትዘጋው የምታደርገውን አየሁ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አለ፣ ብርጭቆ ውስጥ የቆመች ሻማ አለች። ከዳዊቱ በግዕዝ አነበበች፤ ወንጌሉን በአማርኛ አነበበች፤ መቁጠሪያዋን ጨረሰች። ከዚያ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝም አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ። በኋላ ልብስ ሳሰጣ አጠገቤ መጣችና ምን ስታስቢ ነበር አልኳት።

«ዮሴፍ በወንጌሉ ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም» አለችኝ። «ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ የተናገረው የለም። ያ ሁሉ ዝምታ ውስጡ ምን ነበረበት እያልኩ ነው።»

እኔ የሦስት ቤተ ክርስቲያን ደወል በሚሰማበት ሰፈር ነው የምኖረው። ቅዳሴ ቆሜ የማስበው የሽንኩርት ዋጋ ነው። በዚያች ቀን መቅናት ጀመርኩ። ግን ያ ቅናት ቀላል ነበር።

እናቴ ስትሞት አባቴን ከማንኳሳ አጠገብ ካለው ገጠራችን አምጥቼ አብረን መኖር ጀመርን። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዳዊትና ቅኔ ያስተማሩ፣ በዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ያጡ ሰው። ከመምጣታቸው በፊት ወደ ብርነሽ ክፍል ገብቼ አንድ ነገር ለመንኳት።

«ካቶሊክ መሆንሽን ለአባዬ አትንገሪያቸው። የድሮ ሰው ናቸው፤ ይረበሹብኛል።»

«ካልጠየቁኝ አልነግራቸውም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም» አለችኝ። እጄን መታ መታ አድርጋ ሸኘችኝ።

አባቴ በመጡ በሳምንቱ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ብርነሽ ከግድግዳው ማዶ ዳዊት ታነባለች። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን አዘነበሉ። ድንገት በመቋሚያቸው ግድግዳውን መቱት።

«አንሺያት! አታውድቂያት!»

ከማዶ የብርነሽ ድምፅ፣ «ማንን ነው የማነሣት?» አለ።

«ቃሏን ነዋ! ተነሽ ናት፤ ከፍ ብላ ነው የምትነበብ። አንቺ ጣልሻት!»

ብርነሽ ደግማ አነበበች። «ደግ» አሉ አባቴ። «ቀጥይ።» ቀጠለች። አራት ጊዜ ግድግዳው ተመታ። ሲጨርሱ አባቴ ሳቁ። እናቴ ከተቀበረች ወዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ብርነሽ በርጩማዋን ይዛ እኛ ዘንድ መጣች። «የኔታ፣ ግድግዳው ሳይፈርስ ልምጣ ብዬ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ነበር። እሷ ታነባለች፣ እሳቸው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይሰማሉ። ስትስት ይቆጣሉ፤ ስታስተካክል ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይሮጣል። እኔ እራት አቀርባለሁ፣ ሳህን አነሣለሁ፣ እግራቸውን አጥባለሁ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የአባቴ ተማሪዎች ጎጆ ከቤታችን አጥር ማዶ ነበር። ውሃ እንዳደርስ እናቴ ስትልከኝ እንስራውን አስቀምጬ ከአጥሩ ጀርባ እቆማለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የመጀመሪያውን መዝሙር ሸመደድኩት። አንድ ቀን አባቴ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳገኛቸው ፊታቸው ቆሜ በቃሌ አልኩላቸው። እስክጨርስ አላስቆሙኝም። ሲያበቃ፣ «ደግ ነው። አሁን ሂጂ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች» አሉኝ። በዓመታት ውስጥ ስንት የሰው ልጅ አስተማሩ! እኔን ግን ያን ቀን እንዲያ ሸኙኝ። እኔም ዳግመኛ አልጠየቅኩም። ግን ከአጥሩ ጀርባ አልጠፋሁም።

ታዲያ አሁን፣ ባይተዋር ሴት፣ ያውም የእኛን ሃይማኖት ያልያዘች፣ በርጩማ ይዛ ገብታ ያ ሁሉ ቁጣና ያ ሁሉ ደስታ ሲደረግላት እያየሁ ሽንኩርት እከትፋለሁ። «ልጄ» ይሏታል። እኔንም «ልጄ» ነው የሚሉኝ። ቃሉ አንድ መሆኑ ያቃጥለኝ ነበር።

ሰኔ ሲገባ አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ አባቴ የብራና ዳዊታቸውን ከራስጌያቸው አወጡ። ከመምህራቸው የወረሱት ነው፤ እኛ ቤት ልጅ አይነካውም። ጨርቁን ፈትተው ብርነሽ ጉልበት ላይ አኖሩት። «እኔ ከእንግዲህ አላየውም። መጽሐፍ ያለ አንባቢ ይታመማል። አንብቢበት፤ የአንቺ ይሁን» አሏት። ብርነሽ መጽሐፉን ሳትነካው ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ሳህን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ዓርብ የልበ ኢየሱስ በዓል ነበር። ብርነሽ ፈቃድ ወስዳ ለብሳ ተጫምታ ክፍሏ ተቀምጣለች። ዝናብ ጥሏል፤ እኔ የአባቴን እግር በሙቅ ውሃ አጥባለሁ።

«ብርነሽ ዛሬ ሥራ አልገባችም?» አሉ።

«አልገባችም።»

«የማን በዓል ነው? ብቆጥር ብቆጥር የማውቀው አላገኘሁ።»

«የእነሱ በዓል ነው» አልኩ።

«የእነማን?»

«የካቶሊኮቹ ነዋ። ካቶሊክ ናት እኮ። አልነገረችዎትም እንዴ?»

እስከ ዛሬ የምጸጸተው በዚህች በመጨረሻዋ ጥያቄ ነው።

አባቴ እግራቸውን ከሳፋው አወጡ። «ጥሪያት» አሉኝ። ጠራኋት። በነጭ ቀሚሷ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ ውባለም የምትለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው የኔታ።»

«ይህን ያህል ወር አብረን ስንቀመጥ ለምን ደበቅሽኝ? ዕውር ስለሆንኩ ነው?»

ብርነሽ ወደ እኔ ተመለከተች። ክፉ አስተያየት አልነበረም፤ የምናገረው ካለ ጊዜ ልትሰጠኝ ነው። እኔ ፎጣውን እጨምቃለሁ። ደረቅ ፎጣ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ሄዳ መጽሐፉን በጨርቁ እንደተጠቀለለ አመጣችና በሁለት እጇ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችው። ጫማዋን ጭቃ ነክቶት ነበር፤ ከዚያ በፊት በበዓሏ ቀን ጫማዋ ጭቃ ሲነካው አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ማዶው ዝም አለ። ታነባለች፣ ግን በከንፈሯ ብቻ፤ አባቴ እንዳይከፋቸው። አባቴ ደግሞ ፀሐይ ስትገባ አንገታቸውን ወደ ግድግዳው ያዘነብላሉ። ምንም የለም። እራት ሳቀርብ አልራበኝም ይላሉ። አባቴን ለብቻዬ አገኘኋቸው፤ ግን ያገኘሁት ዝም ያለ ሰው ነው።

ብርነሽ እኔን ሰላም ማለቷን አላቋረጠችም። ብታኮርፈኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ቧንቧው ጋ ጀሪካን ልታሸክመኝ ስትጎነበስ አላስቻለኝም።

«ለምን አልተናገርሽም? አትንገሪ ያልኩሽ እኔ መሆኔን ለምን አልነገርሻቸውም?»

«የኔታ እኔን ቢያጡ ጎረቤት ነው ያጡት» አለችኝ። «አንቺን ግን…» አልጨረሰችውም። ጀሪካኑን ጀርባዬ ላይ አስተካክላ፣ «ያዝሽው?» አለችኝ።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አባቴ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አባዬ፣ እኔ ላንብብልዎ?» አልኩ። በዕድሜዬ ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

«አንቺ ግዕዝ የት ታውቂያለሽ?»

መጽሐፉን ተቀብዬ ገለጥኩና አነበብኩ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። አንዱን መዝሙር ጨርሼ ሌላውን ጀመርኩ፤ እሱንም ጨረስኩ። አንድ ጊዜ እንኳ አላስቆሙኝም።

«ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ።»

«መቼ?»

«ልጆቹን ሲያስተምሩ። ከአጥሩ ጀርባ ነበርኩ።»

ከዚያ እጃቸው ፈልጎ ራሴን አገኘው። «አንድም የማርመው አጣሁ» አሉ።

ሃያ አምስት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ይህ ነው ብዬ ነበር። ሲመጣ ግን ደስ አላለኝም። ብርነሽ እየተሳሳተች ስንቱን ምሽት ከአባቴ ጋር ተቀመጠች፤ እኔ ስላልተሳሳትኩ በአንድ ምሽት አለቀብኝ። የቀናሁት በስህተቷ ኖሯል።

«ያቺ ልጅ» አሉ አባቴ ቀስ ብለው፣ «ባታታልለኝ ኖሮ…»

«አላታለለችዎትም» አልኩ። «አትንገሪያቸው ያልኳት እኔ ነኝ። ሳይመጡ በፊት ለመንኳት።»

እጃቸውን ከራሴ ላይ አነሡ። «እና ስጠይቃት አንቺ እዚያው ቆመሽ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

«በምኗ?»

«በእርስዎ።»

በማግስቱ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ነበር፤ የእኛም የእነሱም በዓል። አባቴን ከቤተ ክርስቲያን መልሼ ሳመጣቸው ወደ በራችን ስስባቸው ቆም አሉ። «ወደዚያኛው ውሰጂኝ» አሉ። «መጽሐፉንም አምጪ።»

ብርነሽ ሻማዋን አብርታ፣ ለብሳ፣ ተጫምታ ተቀምጣለች። ስታየን ከወንበሯ ተነሣች። አባቴ በመቋሚያቸው መድረኩን ነክተው እዚያው ቆሙ።

«ልጄ ያደረገችውን ነግራኛለች» አሉ። «እኔም ሳልመረምር አስቀይሜሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ሃይማኖትሽን ግን አልወደውም። ይህን ከኋላሽ ሳይሆን ከፊትሽ ነው የምልሽ።»

«እሺ የኔታ» አለች ብርነሽ።

«ንባብሽን ግን እንድታበላሺው አልፈቅድም። ሁለት ወር በልብሽ ስታነቢ ስንቱን ቃል ስትጥይ እንደከረምሽ እግዜር ይወቅ። በይ፣ ጮክ ብለሽ!»

ብርነሽ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። ወንበሯን ለእሳቸው አስጠግታ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሦስተኛው መስመር ላይ ሳትደርስ የአባቴ መቋሚያ ወለሉን መታ። «ግቢ እንጂ ውባለም» አለችኝ። ወጥ ጥጃለሁ ብዬ ተመለስኩ። ወጥ አልጣድኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ምሽት ጠራችኝ፤ ብዙ ምሽት ሰበብ አላጣሁም። አባቴ በእነሱ በዓላት ቀን ብርነሽ ዘንድ አይሄዱም ነበር፤ አቋማቸው ነው። ግን ያን ቀን እኔ ድስት ካጋጨሁ፣ «ቀስ በይ፣ ጸሎት ላይ ናት» ይሉኛል።

አባቴ ጥር ላይ አረፉ። የቀበርናቸው ማንኳሳ አጠገብ፣ ሲያስተምሩበት በኖሩበት ደብር ነው። የብራና ዳዊቱንም በፈቃዳቸው ለደብሩ ሰጠን። ተማሪዎቻቸው ከየአገሩ መጡ፤ አንዳንዱ ራሱ ሸብቷል። ብርነሽ አንድ ቀን ፈቃድ ወስዳ በጋሪ መጣች። የቤተ ክርስቲያኑን በር አላለፈችም። ከውጭ ቆማ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በሰው መካከል አየኋት።

ከቀብር መልስ ድንኳን ገባን። የአባቴ የመጀመሪያ ተማሪ የነበሩት አዛውንት ቄስ እኔ ወዳለሁበት ፍራሽ መጥተው ተቀመጡ።

«ከበሩ ውጭ የቆመችዋ ሴት እኛ የምንደግመውን ዳዊት በቃሏ ስትከተለን ሰማሁ» አሉኝ። «ንባቧ የየኔታ ንባብ ነው። ማን ናት?»

ብርነሽ ድንኳኑ መግቢያ ላይ፣ ከሴቶቹ ጫፍ ተቀምጣለች። የግቢያችን ተከራይ ናት ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ውሸትም አይደለም። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

«የአባቴ ተማሪ ናት» አልኩ።

«ሴት?»

«ሴት። የመጨረሻዋ ተማሪያቸው።»

ቄሱ ተነሡ። ራሳቸው ሄደው ብርነሽን ከተቀመጠችበት አስነሥተው፣ በተርታ ወደተቀመጡት ተማሪዎች አግዳሚ አመጧት። ወንዶቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጧት። እኔ ከፍራሼ ላይ ሆኜ ሳይ፣ ልጅ ሳለሁ በአጥር ቀዳዳ የማየው ተርታ ነበር፤ እሷ መካከሉ ላይ ተቀምጣለች። በአባቴ ቀብር ዕለት እንኳ ቅናቴ አልተኛም።

ብርነሽ ግን አልተረጋጋችም። ግራ ቀኟን አይታ፣ ለቄሱ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ውባለምስ?» አለቻቸው።

«ውባለም ምን?»

«እሷም ተማሪያቸው ናት። ከእኔ በፊት ነው የተማረችው። እኔ አንብቤ ያልተቆጡኝ ቀን የለም፤ እሷ ስታነብላቸው ግን የሚያርሙት አጥተው ነው የሞቱት። ራሳቸው ነግረውኛል።»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ብርነሽ ነጠላዋን ሰብስባ ፈቀቅ አለችና አጠገቧ ያለውን ባዶ እንጨት በዚያ ትልቅ እጇ መታ መታ አደረገችው።

ሐዘንተኛ ከፍራሽ አይነሣም ብለው ሴቶቹ ቀሚሴን ያዙኝ። አስለቅቄ ተነሣሁ። ከአባቴ ተማሪዎች ተርታ ገብቼ፣ እሷ በለቀቀችልኝ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ።